ጠይቁን፦ ለትርፍ ያልቆመ የሰፈር ጋዜጣ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከአራዳ፣ ከቂርቆስ፣ ከልደታ፣ ከአዲስ ከተማና ከገላን ጉራ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። የሚያስቡት ግን ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ስለ ሰፈር ብቻ የሚጽፍ፣ ባለቤቱ ነጋዴም ባለሥልጣንም ያልሆነ ትንሽ ጋዜጣ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

«በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል የምንኖር ስድስት ሰዎች ነን። ሁለቱ ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው፣ የቀረነው ወጣቶች ነን። በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚወጣ የሰፈር ጋዜጣ ልንጀምር ስም አውጥተናል፣ አርማ አሠርተናል፣ የቴሌግራም ቻናልም ከፍተናል። ምን ቀረን?»
— ስድስቱ፣ ከአራዳ

የቀራችሁ ዋናው ነው። ሰፈሩ ማወቅ ፈልጎ ያላወቀው ነገር ምን እንደሆነ ገና አልጠየቃችሁም። አርማው ይቆያችሁ።

ሁለት ሳምንት መድቡ። እያንዳንዳችሁ አሥር አሥር ሰው ብታናግሩ ስድሳ ሰው ይሆናል፤ ለመጀመሪያው እትም ይበቃል። ስድሳውም የምታውቋቸው ሰዎች እንዳይሆኑ። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ፣ ጀበና ቡና የሚጠጣበት ጥግ፣ ፀጉር ቤት፣ የዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያለውን ሰው አናግሩ። ጥያቄው አንድ ይሁን፦ «ባለፈው ወር ማወቅ ፈልገው ያጡት፣ ወይም ለማወቅ ብለው ብዙ የተመላለሱበት ነገር ምንድን ነው?» «ምን ዓይነት ዜና ይወዳሉ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሰው ትናንት ማታ በሬዲዮ የሰማውን ይነግራችኋል። መልሱን በራሳችሁ ቃል ሳታሳምሩ፣ እንደተነገራችሁ ጻፉት። «የቀበሌ ቤት ጉዳይ» ብሎ መመዝገብና «እናቴ ስታርፍ የቤቱ ውል ወደኔ ይዞራል ወይስ አስረክባለሁ?» ብሎ መመዝገብ እኩል አይደለም። ሁለተኛው ራሱ የፊት ገጽ ርዕስ ነው።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በክምር ለዩአቸው። መሀል ከተማ ላይ ዘወትር የሚደጋገሙት የውኃ ተራ፣ የቀበሌ ቤት፣ የኮሪደር ልማት፣ የፋይዳ መታወቂያና የትምህርት ቤት ምዝገባ ናቸው። ከሁሉ የበዛው ክምር የመጀመሪያ እትማችሁ ይሆናል። በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ሳራ አልቫሬዝ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመሠረተችው «አውትላየር ሚዲያ» መነሻው ይኸው ነበር። ነዋሪው የተከራየውን ቤት አድራሻ በስልክ አጭር መልእክት ሲልክ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የግብር ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ይመለስለታል። ለጀማሪ ከረጅም ሐተታ ይልቅ እንዲህ ያለው ይሻላል።

ስለ ኅትመቱ፦ አንድ ኤ3 ወረቀት በሁለቱም ፊት ታትሞ መሀሉ ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል። አንድ ደስታ ኤ3 500 ቅጠል ነው። አሥራ አምስት ያህሉ በመታጠፍና በመጨናነቅ ስለሚበላሽ «480 ኮፒ» ብላችሁ እዘዙ። በ11 ነጥብ ፊደል፣ በሁለት ዓምድ ከተጻፈ አራቱ ገጽ ከ1,500 እስከ 1,700 ቃል ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አታጭቁበት። ፊደሉ ከ10 ነጥብ ከወረደ «መ» እና «ሙ»፣ «ቢ» እና «ቤ» ለአዛውንት ዓይን አንድ ይሆናሉ።

ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ሂዱ። የተጠቀማችሁበት ፊደል ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ግማሹ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ፍላሻችሁ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ከሃምሳ ኮፒ በታች ፎቶ ኮፒ ያዋጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያባዙበትን ሪዞግራፍ ፈልጉ፤ ለእያንዳንዱ ፊት አንድ ማስተር (ገጹ የሚቀረጽበት ስስ ቅጠል) ከተከፈለ በኋላ የኮፒው ዋጋ ብዛት በጨመረ ቁጥር ይወርዳል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። የሪዞ ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ የመጀመሪያው ፊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከታተመ ገጹ ይለቀለቃል። ፎቶግራፍም በአንድ ቀለም ሲባዛ የሰው ፊት ጥቁር ይሆናል። በፎቶ ፋንታ በመስመር የተሳለ የመንገድ ካርታ አስገቡ፤ ለአንባቢም ይበልጥ ይጠቅመዋል።

480 ኮፒ አነሰ ብላችሁ አትጨነቁ። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብበት የነበረውን ድንጋይ የምታውቁ ናችሁ፤ አንድ ቅጂ ስንት እጅ እንደሚያልፍ አይነገራችሁም።

«ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የምንመዘገበው? አንዱ “ሲቪል ማኅበረሰብ” ይለናል፣ ሌላው “መገናኛ ብዙኃን” ይለናል።»
— ከልደታ

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ድርጅቱ የሚቆመው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቦ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ካላችሁ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ማኅበር መሆን ትችላላችሁ፤ ጥቂት መሥራቾች ብቻ ከሆናችሁ በቦርድ የሚመራ ድርጅት የሚባለው መልክ አለ። ለሰፈር ጋዜጣ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። አንባቢው አባል ሆኖ መሪውን በድምፅ ማውረድ ሲችል ጋዜጣውን የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ጋዜጣው ራሱ፣ የታተመም ሆነ በኢንተርኔት የሚሰራጭ፣ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት የምዝገባ ምስክር ወረቀት የሚያወጣው ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ይህ አዋጅ በቅርቡ ስለተሻሻለ የቆየ ቅጂ ይዛችሁ አትሂዱ። መተዳደሪያ ደንቡን ከማጽደቃችሁ በፊት ረቂቁን ይዛችሁ «እንዲህ ያለ ድርጅት የዚህ ዓይነት ኅትመት ባለቤት ለመሆን ምን ያሟላል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተሰጠ መልስ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ማኅበረሰብ ሬዲዮ ካሰባችሁ ደግሞ ምዝገባ አይበቃም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን ለሦስተኛው ዓመት አቆዩት።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ዕድር በአዋጅ 1113 አይተዳደርም፤ አዋጁ ዕድርንና ዕቁብን ለይቶ አስቀርቷቸዋል። ስለዚህ «በዕድራችን ማኅተም እንሥራ» ማለት መፍትሔ አይሆንም። ችግር የመጣ ቀን ዕድሩንም ይዛችሁት ትወድቃላችሁ።

«አንድ የሕንፃ አልሚ ኩባንያ ለስድስት ወር የኅትመቱን ወጪ ልሸፍን ብሎናል። ሦስት ዕድሮችም በአባል ትንሽ ትንሽ ለማዋጣት ፈቅደዋል። ከማን እንቀበል? ውጭ አገር ይህ ሥራ በምን ይኖራል?»
— ከቂርቆስ

ከዕድሮቹ ተቀበሉ። የኩባንያውን በማስታወቂያ መልክ ካልሆነ አትንኩት፤ ማስታወቂያውም ቢሆን ከላዩ ላይ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍበት፣ ዋጋውም ሱቅ ላላት ባለ እንጀራዋ ከሚጠየቀው ጋር በአንድ ታሪፍ ይሁን። ቂርቆስ ላይ ለሚታተም ጋዜጣ የሕንፃ አልሚ ዋናው የዜና ጉዳይ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ወረቀታችሁን የገዛ ሰው ስልክ ደውሎ «ይህን ጽሑፍ ትንሽ አቆዩልኝ» ማለት አያስፈልገውም፤ እናንተው ራሳችሁ ታቆዩለታላችሁ።

የዕድሩን ስሌት እንየው። ሦስቱ ዕድሮች ሁለት ሁለት መቶ አባወራ ቢኖራቸውና እያንዳንዱ በወር 10 ብር ቢያዋጣ 6,000 ብር ይሆናል። ይህንን ከኮፒ ቤቱ የዋጋ ማቅረቢያ ጋር አስተያዩት፤ የሚበቃው ለሁለት እትም ካልሆነ በወር አንዴ አትሙ እንጂ ልዩነቱን ለመሙላት ብላችሁ ወደ አልሚው አትመለሱ። የዕድር ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘን የተቀመጠ ስለሆነ ሰብሳቢው «እሺ» ስላለ ብቻ አይነካም። በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፤ የቃለ ጉባኤው ኮፒም እናንተ ጋ ይቀመጥ። ያለዚያ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጠብ በእናንተ ላይ ይነሳል። ሌላም ቅድመ ሁኔታ አስገቡ፦ ዕድሩ ራሱ የሒሳብ ጉድለት ቢገኝበት ጋዜጣው ይጽፋል። ይህን ከተቃወሙ አስቀድማችሁ አወቃችሁ ማለት ነው።

በአዋጁ መሠረት የድርጅቱ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የጋዜጣው ኅትመትና የዘጋቢው ክፍያ ግን ድርጅቱ የተቋቋመበት ሥራ ራሱ ነው። ይህ ልዩነት በበጀት ሰነዳችሁ ላይ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ካልተጻፈ የሒሳብ ሠራተኛው «ወረቀት» የሚል ደረሰኝ ሲያይ ሁሉንም ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ይከተዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅም 20 በመቶው አልፎ ታገኙታላችሁ።

የአበልን ነገርም እናንሳ፤ ማንም ደፍሮ አይጠይቀንም። የስብሰባ አዘጋጅ «ለትራንስፖርት» ብሎ በፖስታ የሚሰጠውን አትቀበሉ። ለዘጋቢያችሁ የታክሲውን ራሳችሁ በፊርማ ክፈሉ። ሌላ ምርጫ ጠፍቶ በአዘጋጁ መኪና ከሄዳችሁ ጽሑፉ ግርጌ ላይ አንድ መስመር አስፍሩ።

ወደ ውጭው ስንመጣ፣ በአሜሪካ በርካታ ካውንቲዎች (ካውንቲ በግርድፉ በዞንና በወረዳ መካከል ያለ የአስተዳደር እርከን ነው) የማስታወቂያ ገቢ ወደ ኢንተርኔት ሲሸሽ ጋዜጣ አልባ ቀርተዋል። ክፍተቱን ከሚሞሉት መካከል ለትርፍ ያልቆሙት ይገኙበታል። «ቴክሳስ ትሪቡን» በ2009 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲጀመር እንዲሁ ነበር፤ ከ1871 ጀምሮ የኖረው «ሶልት ሌክ ትሪቡን» ደግሞ በ2019 ከንግድ ድርጅትነት ወደዚህ ተዛውሯል። ገቢያቸው ከአባላት መዋጮ፣ ከፋውንዴሽኖች፣ ከስፖንሰርና ከዝግጅቶች ይመጣል፤ ለጋሹ ከግብሩ ላይ ይቀነስለታል፣ ጋዜጣው ደግሞ በሕግ ለምርጫ ተወዳዳሪ ድጋፍ መስጠት አይችልም። የግብሩ ነገር ወደኛ በቀጥታ አይመጣም። የሚመጣው ልማድ ሌላ ነው። የዘርፉ ማኅበር አባል የሆኑ ድርጅቶች 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠውን ሁሉ ስም ለሕዝብ ያሳውቃሉ። እናንተ መነሻውን 1,000 ብር አድርጋችሁ በአራተኛው ገጽ ግርጌ በየሦስት ወሩ አትሙት።

«ስለ ኮብልስቶን ጥገና መዘግየት ወረዳ ሄደን ስንጠይቅ “ከክፍለ ከተማ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ” ተባልን። ክፍለ ከተማ ስንሄድ “ወረዳውን ጠይቁ” አሉን። ሦስት ሳምንት ሄደ።»
— ከአዲስ ከተማ

በቃል ስለጠየቃችሁ ነው ኳስ የሆናችሁት። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው የአዋጅ ቁጥር 590/2000 ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ በእሱ መሠረት የመንግሥት አካል ለቀረበለት ጥያቄ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መከልከል የሚችለው በሕጉ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው፦ የሌላ ሰው የግል ጉዳይ፣ የንግድ ምሥጢር፣ በሂደት ላይ ያለ የወንጀል ምርመራና የመሳሰለው። የኮብልስቶን ውል ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤም ሕጉ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ስህተት የጥያቄው ዓይነት ነው። «ለምን ዘገየ?» የሚለው ማብራሪያ መጠየቅ ነው፤ ሕጉ መብት የሚሰጣችሁ ሰነድ ለማግኘት ነው። ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦

«ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወረዳ … አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ከ… እስከ … ያለውን የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን መንገድ ጥገና የሚመለከት (ሀ) የሥራ ውሉ ኮፒ፣ (ለ) ለተቋራጩ እስካሁን የተፈጸመ ክፍያ ሰነድ፣ (ሐ) የጊዜ ማራዘሚያ ተሰጥቶ ከሆነ የተሰጠበት ደብዳቤ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። የኮፒ ወጪውን እንሸፍናለን።»

በሁለት ኮፒ አትሙት። ለኃላፊው ጸሐፊ ሳይሆን ለመዝገብ ቤት ስጡ። አንደኛው እዚያ ይቀራል፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉበት። ማኅተም «ዛሬ የለም» ከተባለ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ይበቃል። ያለዚህ ወረቀት 30 ቀኑ መቆጠር አይጀምርም፤ «አልደረሰንም» ስትባሉም መልስ የላችሁም። ቀኑ ካለፈ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት። በተግባር አብዛኛው ጉዳይ ሁለተኛው ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም» የሚል መስመር ሲታይ ይንቀሳቀሳል።

30 ቀን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ሥራው ቦታ ላይ የፕሮጀክት ሰሌዳ ካለ የተቋራጩንና የአማካሪውን ስም፣ የተጀመረበትንና የሚያልቅበትን ቀን አንብቡ፤ ሰሌዳው ከተነቀለ የጎረቤት ስልክ ውስጥ ፎቶው አይጠፋም። የጨረታ ማስታወቂያ በአዲስ ዘመንና በአዲስ ልሳን ላይ ስለሚወጣ የቆዩ እትሞችን ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ አገላብጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ የወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን የበጀት ሰንጠረዥ ፎቶ አንሱት፤ ዝናቡ ከወሰደው በኋላ የት ታገኙታላችሁ? ስብሰባ ላይ የሚገኝ ሰው ካነሰባችሁ ደግሞ የቺካጎው «ሲቲ ቢሮ» ያደረገውን ሞክሩ። ነዋሪዎችን አሠልጥኖ የሕዝብ ስብሰባ ላይ ተቀምጠው እንዲጽፉ ይከፍላቸዋል። አንድ ጡረተኛ መምህር በጥቅስ የተባለውን፣ የተገኘውን ሰው ብዛትና የተላለፈውን ውሳኔ ከመዘገበ ግማሹ ጽሑፍ አለቀ።

እትማችሁ ሲደርስ መልስ ካልመጣ የምትጽፉት ይህን ብቻ ነው፦ «በዚህ ቀን በዚህ የገቢ ቁጥር ጠየቅን፤ እስከ ኅትመት ድረስ መልስ አልደረሰንም።» «ለመደበቅ ፈልገው» የሚል ቃል አትጨምሩ። ስለመደበቃቸው ማስረጃ የላችሁም፤ ስለ ዝምታቸው ግን ባለ ማኅተም ወረቀት አላችሁ።

«“ውኃ ማክሰኞ 9 ሰዓት ይለቀቃል” ብለን ቴሌግራም ላይ አወጣን። ሰው ከሥራ ቀርቶ ጠበቀ፤ ውኃው ግን ጠዋት መጥቶ ሄዷል። ስህተቱን እንሰርዘው ወይስ እንተወው?»
— ከአራዳ

የደረሳችሁ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ «9፡00» የሚል ነበር ብለን እንገምታለን፤ ያ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህ ስህተት መሀል አዲስ አበባ ላይ ከየትኛውም የፊደል ግድፈት የበለጠ ሰው ያንገላታል። ደንብ አውጡ፦ ማንኛውም ሰዓት «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚል ቃል ሳይቀድመው አይወጣም፤ ማንኛውም ቀን የሳምንቱ ስም ይጨመርበታል። ከውጭ ድርጅት የመጣ ቀን ሲሆን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። የቀኑ ስምና ቁጥሩ ካልተጣጣሙ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ስለሆነ ቁጥጥሩ ራሱን በራሱ ይሠራል።

አትሰርዙት። መልእክቱን አርሙና ከላይ «እርማት» ብላችሁ የቱ እንደተቀየረ ጻፉ፤ ከዚያ እንደ አዲስ ለብቻው ላኩት፣ ምክንያቱም የታረመ መልእክት ለአንባቢው ድምፅ አያሰማም። በሚቀጥለው ወረቀትም ስህተቱ በወጣበት ገጽ ላይ አትሙት። በጽሑፋችሁ ስሙ የተነካ ሰው መልስ ልስጥ ካለ ያለ ክፍያ ማውጣት የሕግ ግዴታችሁ ነው። የሌባ ነው የተባለ ፎቶ ግን በእርማትም አይመለስም፤ ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው መልክ መጀመሪያውኑ አትለጥፉ።

ቻናሉ በማን ስልክ እንደተከፈተም ተመልከቱ። የአንድ ወጣት የግል ቁጥር ላይ ከሆነ ልጁ ሥራ ሲቀይር ጋዜጣችሁም አብሮት ይሄዳል። ባለቤትነቱን በድርጅቱ ስም ወደወጣ ቁጥር አዛውሩ፤ ቴሌግራም ግን የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉ ከበራ ሰባት ቀን ካልሞላው ዝውውሩን ስለማይፈቅድ ዛሬውኑ አብሩት።

«ከካዛንቺስ ተነስተን ገላን ጉራ ገባን። የድሮው ሰፈር ወረቀት ይደርሰን ይሆን? እናቴ ስማርት ስልክ የላትም።»
— ከገላን ጉራ

ይደርሳችኋል፣ ዕድራችሁ ካልፈረሰ። የተነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አድራሻ እንጂ ዕድር አይቀይሩም፤ ወር በገባ መዋጮ ለመክፈል የሚሄድ ሰው ከመካከላችሁ ይኖራል። ለአዘጋጆቹ በዕድሩ ጸሐፊ በኩል ስንት ቤት እንዳላችሁ አስታውቁ፣ የዚያን ያህል ቅጂ በስማችሁ ተጠቅልሎ በመዋጮው ቀን ይጠብቃችሁ። አዘጋጆቹም አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ካዛንቺስ ለቀረው ሰው የሚጠቅመው የውኃ ተራ ለእናንተ አይጠቅምም፤ ስለዚህ በእናንተ ጥቅል ውስጥ ግማሽ ገጽ ብጣሽ ወረቀት ገብቶ ስለ ካሳ፣ ስለ ምትክ ቤት ውልና ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ዝውውር የያዘ ይሁን። ለእናትዎ እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ያልገባቸውን ቃል ከሥሩ አስምረው በዚያው ጥቅል መልሰው ይላኩ።